አንድ ሞል ውኃ

ለዲግሪ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተመዝግቤ ስወጣ፣ በወረቀቱ ላይ ከተዘረዘሩት ትምህርቶች አንዱን ሳይ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብሁት፤ «አጠቃላይ ኬሚስትሪ» ይላል። ያኔ በቁሐር ሚካኤል ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ክትባት እሰጣለሁ፣ እርጉዞችን እከታተላለሁ፣ ክረምት ላይ ጎርፍ የገባባቸውን የውኃ ጉድጓዶች በክሎሪን አክማለሁ። ኬሚስትሪን ግን አሥረኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ከዘጋሁ ወዲህ ዞር ብዬ አላየሁትም። ትዝ የሚለኝ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥና እሱን ባየሁ ቁጥር ይጫነኝ የነበረው እንቅልፍ ነው።

ከወረታ አንድ ያገለገለ መጽሐፍ ገዛሁና ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ማንበብ ጀመርሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአሥራ አንደኛው ገጽ አላለፍሁም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሁኔታዬን አይታ፣ «ወረታ የኬሚስትሪ መምህርት አለች፤ ድንጋይ ብትሆኚ እንኳ ታስረዳሻለች ይላሉ» አለችኝ። ከዚያ ቤቷ የት እንደሆነ ነገረችኝ፦ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ጀርባ፣ ብረት ቀጥቃጩ ሰውዬ ቤት።

ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅሁ። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ እንቀመጥ ነበር።

ይህን ሳልናገር ብዘለው ታሪኬ ውሸት ይሆናል። አባቷ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በእኛ አገር ስለ ባለ እጆች ምን እንደሚወራ የማያውቅ የለም። ዓይናቸው ይበላል ይባላል፤ ማረሻቸውን ገዝተን እናርሳለን፣ በድስታቸው ወጥ እንሠራለን፣ ቤታቸው ገብተን ግን አንቀምስም። እናቴ አብራኝ የምትቀመጠው የማን ልጅ እንደሆነች በሰማች ማግስት፣ «ከዚያች ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ እንዳላይሽ» አለችኝ። እኔም አስተማሪውን ሰሌዳው አይታየኝም ብዬ ዋሸሁና መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ወንበር ተዛወርሁ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። ቦርሳዋን አንስታ እኔ በተነሣሁበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ተቀመጠች፤ ዓመቱን ሙሉም በኬሚስትሪ አንደኛ ወጣች።

አራት ቀን አመነታሁ። በአምስተኛው ቀን ከጤና ኬላው ወጥቼ ወደ ወረታ በሚሄድ ጋሪ ተሳፈርሁ። የፎገራ ሜዳ ለሩዝ ታርሶ የመጀመሪያው ዝናብ አርፎበታል፤ ከብቶቹ ገና ከሜዳው አልወጡም። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ አንዱም ትዝ አላለኝም።

እሷ በረንዳው ላይ የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። አየችኝ፤ ተነሥታም ሳመችኝ።

«ወፈር ብለሻል» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ አልተለወጥሽም።»

«ምን ልርዳሽ?»

ነገርኋት። የት ከረምሽ፣ ዛሬ ምን አስታወሰሽ ብላ ልትጠይቀኝ ትችል ነበር፤ መብቷም ነበር። የጠየቀችኝ ግን፣ «ፈተናው መቼ ነው?» ብላ ብቻ ነው።

«መስከረም መጨረሻ።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን። ቅዳሜና ረቡዕ ከሰዓት ነይ። መጽሐፉን ይዘሽ እንዳትመጪ፤ ደብተር ብቻ።»

እንዲህ ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን አንድም ነገር አላስተማረችኝም፤ የማውቀውን እንድነግራት ብቻ ጠየቀችኝ። አቶም አልሁ፣ ፕሮቶን አልሁ፣ ኤሌክትሮን አልሁ፣ ቃላቱን እንደ ዳዊት ደገምሁላት። «ጥሩ» አለችኝ፤ «አሁን ደግሞ እናቴ እንዲገባቸው አድርገሽ ንገሪኝ።» እናቷ ጥግ ላይ ጭቃ እያሹ ነበር፤ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። ሞከርሁ። ኒውክለስ ላይ ስደርስ ያንኑ ቃል መልሼ ደገምሁት። ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ቃል ማወቅና ነገሩን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በቀስታ ወሰደችኝ። ሶዲየም በውጨኛው ምሕዋሩ ላይ አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ እንዳለችው፣ ክሎሪን ደግሞ ሰባት ይዞ ስምንተኛዋን እንደሚፈልግ፣ አንዱ ሰጥቶ አንዱ ተቀብሎ የወጥ ጨው እንደሚሆኑ ስታስረዳኝ፣ ለዓመታት በእጄ ጉድጓድ ውስጥ የጨመርሁት ክሎሪን ያ መሆኑ ገርሞኝ ቀረሁ። «ብቻውን ሲሆን ሳንባ ያቃጥላል፤ ከሶዲየም ጋር ሲሆን ሽሮ ያጣፍጣል» አለች። ያንን ሰንጠረዥ፣ እንቅልፍ የሚያመጣብኝን፣ በአዲስ ዓይን ማየት የጀመርሁት ያን ቀን ነው። በአንድ ዐምድ የተደረደሩት ሁሉ ጠባያቸው ለምን እንደሚመሳሰል ገባኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ጋሪው ላይ ሆኜ በጣቴ ኤሌክትሮን ስቆጥር ባለ ጋሪው፣ «ጸሎት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቀመር ማመጣጠን ላይ ግን ተሸነፍሁ። በተለይ አንዱ ንጥረ ነገር ቀድሞ ሲያልቅ ሌላው የሚተርፍበት ስሌት አልገባ አለኝ። ሁለት ቀን ደጋገመችልኝ፤ እኔም ሁለት ቀን ደጋግሜ ተሳሳትሁ። በሦስተኛው እርሳሷን አስቀምጣ፣ «አንድ ጥማድ ለማሰማራት ምን ያስፈልጋል?» አለችኝ።

«ሁለት በሬ፣ አንድ ቀንበር፣ አንድ ሞፈር።»

«ሰባት በሬ፣ አምስት ቀንበር፣ ስድስት ሞፈር ቢኖርሽ ስንት ጥማድ ታወጫለሽ?»

«ሦስት» አልኋት ሳላስብ። «አንድ በሬ ይተርፋል፤ ሁለት ቀንበርና ሦስት ሞፈርም ይተርፋል።»

«የወሰነሽ ማን ነው?»

«በሬው።»

«ቀንበሩ ከበሬው ያነሰ ነበር እኮ፤ አምስት ብቻ ነው።»

«አዎ፣ ግን በሬ ሁለት ሁለት ነው የሚጠመድ...» ብዬ ጀመርሁና አፌን ያዝሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ያስለቀሰኝን ነገር ራሴ እየመለስሁት ነበር።

ወናፉ አጠገብ የተቀመጡት አባቷ ይሰሙን ኖሮ፣ «ኧረ ልጆች፣ ማረሻውን ረሳችሁት!» አሉ። «ማረሻ የሌለው ጥማድ በምን ሊያርስ ነው? በቀንዱ?» ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ባጋጠመኝ ቁጥር አባቷ፣ «ማረሻውስ?» ሲሉኝ ይሰማኛል፤ የረሳሁት ነገር እንዳለም መለስ ብዬ አያለሁ።

ሐምሌ ሲገባ አቶሞችን በጅምላ መቁጠሪያው ሞል ላይ ደረስን። ቁጥሩ በጣም ትልቅ ስለሆነብኝ እንደ ተረት ነበር የሰማሁት፤ ስድስትን ጽፈሽ ከኋላዋ ሃያ ሦስት አኃዝ ታስከትያለሽ አለችኝ። «ይህን ያህል ነገር ሰው እንዴት ይቆጥራል?» አልኋት።

«አይቆጠርም፤ ይመዘናል። መርፌ ይዘሻል?»

ቦርሳዬ ውስጥ ያልተከፈተ ባለ አሥር ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነበረኝ። መርፌውን ነቅላ ከእንስራው ውኃ ቀዳችበት። አንድ ጊዜ አሥር፣ አንድ ጊዜ ስምንት፤ እናቷ በሠሯት ትንሽ የሸክላ ኩባያ ውስጥ ገለበጠችው። «ሃይድሮጂን አንድ አንድ ናቸው፣ ሁለት አሉ። ኦክስጅን አሥራ ስድስት። ሲደመር አሥራ ስምንት ግራም። የአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ክብደት ደግሞ አንድ ግራም ነው። ስለዚህ ይህቺ ኩባያ ውስጥ ያለው አንድ ሞል ውኃ ነው። ጠጪው።»

ኩባያዋን ዘረጋችልኝ።

ያኔ እጄ አልተዘረጋም። ብዙ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነው። እኔ በየቤቱ እየዞርሁ በሽታ የሚመጣው ከጀርም ነው እንጂ ከሰው ዓይን አይደለም ብዬ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የዓይኑንም ወሬ ከልቤ አላምንበትም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውነቴ የተማረው ሌላ ነበር፤ እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ያንን አስታወሰ። ወር ተኩል ሙሉ በዚያ ቤት ስማር ምግብ ሲቀርብልኝ ጾም ነኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁ እያልሁ ማለፌም ያኔ ነው ፊቴ ላይ የመጣ።

እሷ አየች። «ውኃ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም።

ተቀብዬ ጠጣሁት። አንድ ጉንጭ ነው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንሽ የአፈር ጣዕም ነበረው። ኩባያዋን ስመልስላት እንባዬ መጣ።

«ዘጠነኛ ክፍል ላይ» አልኋት፤ «ሰሌዳው አይታየኝም ያልሁት...»

«ውሸት እንደነበር አውቃለሁ። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ከፊተኛው ይልቅ ሩቅ ነበር።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ኩባያዋን አለቅልቃ ደፋቻትና ተመልሳ ተቀመጠች። «አንድ ሳምንት አልቅሻለሁ» አለች። «እናቴ ትምህርት ቤቱን እንዳልተው ፈርተው ነበር። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ግን እዚህ በረንዳ ላይ ለኔ ብቻ ብለሽው እንዲቀር አልፈልግም።» ከዚያ ደብተሬን ወደኔ ገፋ አደረገችና፣ «አሁን ደግሞ የሁለት ሞል ጨው ክብደት ስንት ነው?» አለችኝ። እያለቀስሁ አሰላሁት። ትክክል ነበር።

ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጣ። የእኛ ቀበሌ እንደ ወትሮው ባሕር ሆነ፤ ከብቱ ወደ ከፍታው ተነዳ፣ ሰውም ከቤት ወደ ቤት በታንኳ ይሻገር ጀመር። ትምህርቴ ሁለት ሳምንት ተቋረጠ። ውኃው ሸሸት ሲል ዋናው ሥራዬ ጉድጓዶቹን ማከም ነበር። ያን ዓመት የመጣልን የክሎሪን መያዣ ግን ከወትሮው የተለየ ሆነ። የድሮው ላይ ሠላሳ አምስት በመቶ ይላል፤ አዲሱ ላይ ሰባ በመቶ። በፊት ቢሆን ልብ ሳልለው እንደ ልማዴ በማንኪያ ቆጥሬ እጨምር ነበር። ያን ቀን ግን የጤና ኬላው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ማስላት ጀመርሁ። በሃያ ሊትር ባልዲ ውኃ ውስጥ የክሎሪኑን መጠን አንድ በመቶ ለማድረግ ሁለት መቶ ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ከአዲሱ ስንት ግራም ልመዝን? ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ወጣልኝ፤ የድሮው ግማሽ። እንደ ልማዴ ብጨምር እጥፍ ይሆን ነበር ማለት ነው። ወዲያው ለመምህሬ ደወልሁላት።

ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነበበችኝና፣ «ልክ ነሽ» አለችኝ። «በምንድን ነው የምትለኪው ግን?»

«በማንኪያ። ግማሹን ማንኪያ እጨምራለሁ።»

«የድሮው ምን ይመስል ነበር? አዲሱስ?»

«የድሮው ዱቄት ነው። አዲሱ ፍሬ ፍሬ ነው፣ እንደ ደቃቅ ሩዝ።»

«እንግዲያው ማንኪያው ያሳስትሻል። ማንኪያ የሚለካው ቦታ ነው እንጂ ክብደት አይደለም። ሚዛን ፈልጊ።»

ከባለ ሱቁ የቅመም ሚዛን ተዋስሁና በፌስታል አድርጌ መዘንሁት። በዚያ ክረምት ያከምሁትን እያንዳንዱን ጉድጓድ የምሠራውን አውቄ አከምሁት። በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ ውስጥ እንደዚያ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከደወልሁላት በሦስተኛው ቀን መምህሬ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ ጭቃውን አቋርጣ እቤታችን ድረስ መጣች። «አሲድና ቤዝ አልጨረስንም» አለች፣ ሌላ ምክንያት እንደማያስፈልግ ሁሉ። እናቴ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። «መምህሬ ናት» አልሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነችም ጨምሬ ነገርኋት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ግን እንግዳ ናትና፣ «ቤት ለእንግዳ» ብላ አስገባቻት።

እስከ እኩለ ቀን ተማርን። ምሳ ሲደርስ እናቴ ለእኔና ለራሷ በትሪ፣ ለእሷ ደግሞ ለብቻ በሳህን አቀረበች። ሽሮ ነበር፣ ፍልሰታ ስለተፈታም እርጎ ነበር። ሳህኑ በደንብ ሞልቷል፤ ከእኛ ይልቅ የእሷ ይበልጣል። እናቴ ንፉግ አልነበረችም፤ ግን የተለየ ሳህን ነበር። መምህሬ ሳህኑን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ከትሪው ተነሥቼ እሷ አጠገብ ተቀመጥሁና ከሳህኗ ቆርሼ ጎረስሁ።

«ምነው ልጄ፣ ቦታሽ እዚህ አይደል?» አለች እናቴ።

«እዚህም ይደርሰኛል፣ እማዬ።»

መምህሬ ሳህኑን ወደኔ ትንሽ ጠጋ አደረገችልኝ። ኋላ እናቴ፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሣ፣ «አባትሽ ደኅና ናቸው?» አለቻት። «የኛ ማረሻ የእሳቸው እጅ ነው። የልጄ አባት በሕይወት ሳለ ከሌላ ሰው ገዝቶ አያውቅም።»

«ደኅና ናቸው፣ እማማ። ትንሽ ዓይናቸው ደከመ እንጂ አሁንም ይሠራሉ።»

«እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው።»

ከዚህ የበለጠ ነገር አልተነገረም። እናቴ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠበቅሁም። በሳምንቱ መምህሬ ስትመጣ ግን የቀረበው አንድ ትሪ ነበር፤ ለሦስታችን። እናቴ ትሪውን አስቀምጣ እጇን ታጠበችና፣ «ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

የፈተናው ዕለት ማለዳ በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ሐሙሲት ላይ ተሳፋሪ ለመጫን ቆምን፤ ደብተሬን ከፍቼ የመጨረሻውን ገጽ አየሁና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ የማነበው አልነበረኝም። ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ የጋዞች ነበር፤ እሱንም ግማሽ ግማሹን ሠርቼዋለሁ። ማለፌን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ክትባት እየሰጠሁ ሳለ ነው። ሕፃኑን ለባልደረባዬ አቀብዬ ወጣሁና ደወልሁላት።

«አለፍሁ!»

«አውቅ ነበር» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። ካወቅኋት ጀምሮ ስታለቅስ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ ተመለሰችና፣ «ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይጠብቅሻል፤ ብዙ አትደሰቺ» አለችኝ።

አሁን ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ በሳምንቱ መጨረሻ እየተመላለስሁ እማራለሁ። ካልገባኝ ዛሬም የምደውለው ለእሷ ነው። ይቅርታዬን ግን በረንዳው ላይ ብቻ እንዳላስቀር የነገረችኝን አልረሳሁም። ከጥምቀት በኋላ የቀበሌው ሴቶች ስለ ንጹሕ ውኃ ለመወያየት ሲሰበሰቡ፣ ጉድጓዶቹን የት ተምሬ እንዳከምሁ ቆሜ ተናገርሁ። የማን ልጅ እንደሆነች፣ እቤቷ ስንት ቀን እንደተማርሁ፣ ኋላ ላይም እዚያ በልቼ እንደጠጣሁ ነገርኋቸው። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሁለቱ ተነሥተው ወጡ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እናት ግን እጇን አወጣችና፣ «የኔ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ኬሚስትሪ አልገባት ብሏል። መምህርቷ ለሷም ትመጣላት ይሆን?» አለች።

መምህሬን ጠየቅኋት፤ መጣች። ፈተና በማይኖርብኝ ሳምንት እኔም እገኛለሁ። የጤና ኬላው አጥር ጥግ የእንጨት ሰሌዳ አቁመንላታል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታስተምራለች። አራት ሴት ልጆች ነበሩ የጀመሩት። ባለፈው እሑድ ዘጠኝ ሆነው ጠበቋት፤ ሁለቱ ከስብሰባው ተነሥተው ከወጡት ሴቶች የአንደኛዋ ልጆች ነበሩ። መምህሬ ስማቸውን ጠየቀቻቸው፣ ጠመኔ ሰጠቻቸው፣ «የምታውቁትን ንገሩኝ» አለቻቸው።